ፔናንግ ላይ ያልተከፈተው ደብዳቤ

አባቷ በሞቱበት ሰዓት ውብአየሁ ሸርጣን ትበላ ነበር።

ይህን ያወቀችው ዘግይታ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ወደ ኋላ ቆጥራ ነው። አቶ ወንዳፍራሽ ሰበታ ላይ፣ በገዛ አልጋቸው ያረፉት መጋቢት ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም. ከቀትር በኋላ ነበር። በዚያች ሰዓት ሲንጋፖር ፀሐይ ጠልቃለች። ውብአየሁና ባሏ ገርባ ባሕሩ ዳር ከተደረደሩት የቆርቆሮ ጠረጴዛዎች በአንዱ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ቀይ ስጎ የፈሰሰበትን ሸርጣን ቅርፊቱን በእጃቸው እየሰበሩ ይመጠምጡ ነበር። ጊዜው ሁዳዴ ነው። ሸርጣን ደግሞ በፍስኩም ቢሆን እነሱ ካደጉበት ቤት ደጅ አይደርስም። ገርባ አገጯ ላይ የወረደውን ስጎ በአውራ ጣቱ ጠረገላትና ሁለቱም ሳቁ። እሷማ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

ከዚያ በኋላ የረሳችው ብዙ ነገር አለ። ያንን ሳቅ ግን ልትረሳው አልቻለችም።

* * *

ገርባ የኦቦ ኢቲቻ ልጅ ነው። ኦቦ ኢቲቻ ፉሪ ላይ የአቶ ወንዳፍራሽን መሬት የሚያርሱ ጭሰኛ ናቸው። አቶ ወንዳፍራሽ ከሰሜን መጥተው ሰበታ ላይ በእህል ንግድ የከበሩ፣ ስማቸው ሲጠራ ሰው ከመቀመጫው የሚነሣላቸው ነጋዴ ነበሩ። ሁለቱ ቤተሰቦች በአንድ ቤተ ክርስቲያን ያስቀድሳሉ፤ በአንድ ማዕድ ግን ቀርበው አያውቁም።

ገርባ በልጅነቱ አዲስ አበባ ገብቶ ከትልልቆቹ ሆቴሎች በአንዱ ሳህን አጣቢ ሆነ። ዓመታት ካለፉ በኋላ ነጭ ቆብ የደፋ ምግብ አብሳይ ወጣው። አንድ ጥር ወር ላይ አባቱን ወክሎ እህል ሊያስረክብ ሰበታ ሲመጣ፣ ውብአየሁ በረንዳው ላይ ቆማ ፀጉሯን ታደርቅ ነበር። ቀና ብላ አየችው። እሱም አያት። ጆንያውን ከትከሻው ማውረድ ረስቶ ቆሞ ቀረ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ በደብዳቤ ተዋደዱ።

ነገሩ ሲሰማ አቶ ወንዳፍራሽ ቤቱን በጩኸት አናወጡት።

«የጭሰኛዬ ልጅ! ያውም ወጥ ቤት! ሽንኩርት ሲልጥ የሚውል ወንድ፣ ልጄን ሊያገባ!»

ቀጥለው ደግሞ ዘዴ አመጡ። አዲስ አበባ ትማር ለነበረችው ለውብአየሁ «እናትሽ ሱሉልታ አክስትሽ ቤት ታማ ተኝታለች፤ ድረሽ» የሚል ደብዳቤ ላኩባት። እየሮጠች ሄደች። እናቷ አልታመሙም። ሱሉልታም አልነበሩም። ከብርድ በስተቀር ሌላ ወዳጅ በሌለበት በዚያ አገር አክስቷ ሁለት ወር ሙሉ ቆልፈውባት ከረሙ። ገርባ በየእሑዱ በእግሩ እየመጣ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ይመለስ ነበር። ኋላ ጠፍታ ወጣችና በሁለት ምስክር ብቻ ተጋቡ። ዳስ አልተጣለም፤ በግ አልታረደም፤ እልል ያለ ሰው አልነበረም።

ሊሰናበቷቸው ሲሄዱ አቶ ወንዳፍራሽ ከወንበራቸው ሳይነሡ ለልጃቸው አንድ ቃል ብቻ ተናገሯት።

«ስሞት ቀብሬ ላይ እንዳትቆሚ።»

እናቷ ወይዘሮ ጥሩሰው አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው አለቀሱ። ውብአየሁ አላለቀሰችም። ውስጧ ግን የሆነ ነገር ተሰብሮ፣ ስብራቱ እየወጋት ኖረ።

* * *

በዓመቱ ገርባ ሎተሪ የወጣለት ያህል የሚያስደስት ዕድል ገጠመው። የሆቴሉ ባለቤቶች በሩቅ ምሥራቅ ከተሞችም ሆቴሎች ነበሯቸውና፣ የዚያን አገር አበሳሰል ተምሮ እንዲመለስ ለሦስት ወር ሊልኩት ወሰኑ። ሚስቱን ይዞ እንዲሄድም ተፈቀደለት።

«ድግሳችንን እዚያ እንበላዋለን» አላት። «በየከተማው አንድ አንድ ድግስ። የቀረብሽን ሁሉ እክስሻለሁ።»

ቃሉንም ጠበቀ። ባንኮክ ላይ ገበያው ያለው ውኃ ላይ ነው። ከገለባ የተሠራ ሰፊ ባርኔጣ ያጠለቁ ሴቶች በጠባብ ጀልባ እየቀዘፉ ይመጣሉ፤ ምድጃውም ድስቱም ከእነሱ ጋር ጀልባዋ ውስጥ ነው። ገርባ መረቁን አንዴ ፉት ብሎ ዓይኑን ይጨፍናል።

«ጻፊ» ይላታል። «ሎሚ። ስኳር። የዓሣ ጨው። ሚጥሚጣ፣ ግን የእኛ አይደለም። ደግሞ አንድ ቅጠል አለ... ቆይ... እናቴ ቅቤ ስታነጥር የምትጨምረውን ኮሰረት የሚመስል ነገር ሸተተኝ።»

እሷ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ትጽፋለች። ማንጎ በኮኮናት ወተት ከተቀቀለ ሩዝ ጋር በሙዝ ቅጠል ሲቀርብላቸው ግን ብዕሯን ወረወረችው። ተሻምተው በሉት። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ለእናቷ እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «እማዬ፣ ዛሬ የበላሁትን ብነግርሽ አታምኚኝም። የሠርጌ ቀን መሰለኝ።»

በየሳምንቱ እንዲህ ትጽፍ ነበር። ደብዳቤውን ለወይዘሮ ጥሩሰው የሚያነብላቸው ወንድሟ ዓባይነህ ነው። አባቷ እንደማይሰሙ፣ ስሟ ሲነሣም ተነሥተው እንደሚወጡ ታውቃለች። ቢሆንም የምትጽፈው የሰማይና የምድሩን ሳይሆን የድስቱን ነበር፤ አባቷ ጥሩ ምግብ ወዳድ መሆናቸውን ስለምታውቅ፣ ምናልባት አንድ ቃል ከበሩ ውስጥ ሾልካ ትደርሳቸው እንደሆን በልቧ ትመኝ ነበር።

ጾሙ ሲገባ ፔናንግ ደርሰው ነበር። ውብአየሁ የመጀመሪያውን ሳምንት ጾመች። በሁለተኛው ሳምንት ገርባ በእንጨት ተሰክቶ የተጠበሰ ሥጋ በኦቾሎኒ ስጎ ነክሮ ወደ አፏ አስጠጋላት። «መንገደኛ ነሽ፤ እግዜር ያውቃል» አላት። አፏን ከፈተች። ጣፈጣት። ጾሙን ከመግደፏ ይልቅ ያስፈራት መጣፈጡ ነበር።

* * *

መጋቢት አንድ ቀን ገርባ ለምሳ ሲመለስ ፊቱ ልክ አልነበረም። ኮቱን አውልቆ ወንበር ላይ ጣለና ሊታጠብ ገባ። ውብአየሁ ኮቱን ልትሰቅለው ስታነሣው ከውስጠኛው ኪስ የፖስታ ጫፍ ብቅ አለ። ከባንኮክ ሆቴል ተልኮ የተከተላቸው ነው። በጀርባው በዚያ በምታውቀው፣ በተኮለኮለ ውብ የእጅ ጽሑፍ «ላኪ፦ ዓባይነህ ወንዳፍራሽ፣ ሰበታ» ይላል። የተጻፈው ለእሷ ነው። አልተከፈተም።

እጇ ፖስታው ላይ ቆመ። ውኃው ሲወርድ፣ ገርባ ሲያስል ይሰማታል። ዓባይነህ በገዛ እጁ ጽፎላት አያውቅም፤ አባቱን ይፈራል። አሁን ከጻፈ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው። ወይም ደግሞ እንደ ሱሉልታው ሌላ ወጥመድ ነው። ገርባም ይህን ፈርቶ እንደደበቀው ወዲያው ገባት።

«ማታ ይሰጠኛል» አለች በልቧ። ፖስታውን እንደነበረ አድርጋ ኮቱን ሰቀለችው።

ማታ ሕንዶች መንገድ ዳር እያገላበጡ የሚጋግሩት ቂጣ ጋ ወሰዳት። ከቂጣው ጋር ቢጫ ምስር ወጥ በትንሽ ሳህን መጣ። ቀመሰችው።

«የእኛን ቤት ክክ ይመስላል» አለችው፣ ዓይን ዓይኑን እያየች። አሁን ይናገራል ብላ ጠበቀች።

ገርባ አንገቱን ደፋ። «አገርሽ ናፈቀሽ?» አላት።

«አይ» አለችው። «እንዲያው ነው።»

ሌላ ቂጣ አዘዘላት። እሷም በላች። በማግሥቱም አልጠየቀችውም፤ በሦስተኛው ቀንም። እያንዳንዱ ያልጠየቀችበት ቀን የሚቀጥለውን ቀን ይበልጥ ከባድ አደረገው። ከከተማ ወደ ከተማ ተሻገሩ፣ ከማዕድ ወደ ማዕድ። ያ ፖስታ ከሁለቱ መካከል እንደ ሦስተኛ ሰው ተቀምጦ አብሯቸው ይበላ ነበር። እንዲህም ሆኖ ደስ ይላት ነበር። ይህን ነው ለራሷ ይቅር ማለት ያቃታት፤ ደስ ይላት ነበር።

* * *

አዲስ አበባ በገቡ በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ በራቸው ተንኳኳ። ዘመዶቿ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጁን ሞልተውታል። ሰዎቹ አፋቸውን ሳይከፍቱ መርዶ መሆኑን አወቀች። በባዕድ አገር ብቻዋን እንዳትሰማው ብለው ነው እስከ መምጣቷ የጠበቁት።

«አባባ ነው?» አለች።

 የአክስቷ ዋይታ መለሰላት።

ገርባ ከበስተኋላዋ ቆሞ ነበር። ዘወር ብላ ስታየው እጁን ደረቱ ላይ፣ ልክ በኮቱ ውስጠኛ ኪስ ላይ አድርጎ አገኘችው። ዓይኖቻቸው ተጋጠሙና እሷ ፊቷን መለሰች። እሱ ኀዘኗ ነው ብሎ አሰበ። እሷ ደግሞ ማወቋን ያወቀባት መሰላት። ከዚያ ቀን ወዲህ በአንድ አልጋ እየተኙ አንዳቸው የሌላውን ዓይን ፈርተው ኖሩ።

ሰበታ፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ ልቅሶው ጋብ ሲል ዓባይነህ አጠገቧ መጥቶ ተቀመጠ። ከእሷ በስምንት ዓመት ይበልጣል። የከተማው ጸሐፊ ነው፤ ሕዝቡ ማመልከቻውን በእሱ እጅ ማስጻፍ እንደ ክብር ይቆጥረዋል።

«እህቴ፣ ደብዳቤዬ አልደረሰሽም እንዴ?» አላት በቀስታ። «ታመዋል፣ ድረሽ ብዬ ጽፌልሽ ነበር። ከመሞታቸው አንድ ወር በፊት ነው የላክሁት። የእሳቸውም ቃል ነበረበት፤ እሱን ግን በአፌ ልነግርሽ አልችልም።»

 ወይዘሮ ጥሩሰው ቀና አሉ። ገርባ ከድንኳኑ ማዶ ከወንዶቹ መካከል ቆሞ ፊቱ አመድ መሰለ።

«አልደረሰኝም» አለች ውብአየሁ።

አንድ ቃል ናት። የተናገረቻት ባሏን ላድን ብላ ይሁን ራሷን፣ እስከ ዛሬ አታውቅም። ቃሏ ግን ከአፏ ወጥታ የምታርፍበትን አላጣችም። ወይዘሮ ጥሩሰው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«አድራሻውን አበላሽተኸው ነው! ለሰው ሁሉ ስትጽፍ ትውላለህ፤ ለአባትህ አንዲት ደብዳቤ አስተካክለህ መጻፍ አቃተህ? እስኪሞት ድረስ በር በሩን ሲያይ ነበርኮ! ልጄን እንዳያያት ያደረግኸው አንተ ነህ!»

ዓባይነህ አንገቱን ደፋ። ጥፋቱን ተቀበለ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ከልቅሶው የከፋ ነበር። በየቀኑ ከጥላ ሥር ተቀምጦ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ያገላብጣል። አንድ ቀን ጠራት።

«እስቲ እዪልኝ፤ አንቺ የላክሽልኝ አድራሻ ይኸው ነው። ፊደሉን በፈረንጅኛ አንድ በአንድ ነው የገለበጥሁት። ይቺ 'ኢ' ናት ወይስ 'ኤፍ'? 'ኢ' መስሎኝ 'ኢ' ብዬ ከሆነ የጻፍሁት...» ወረቀቱን አጠፈው። «አባባን እኔ ገደልሁት፣ ውብዬ?»

«ተው፣ እንዲህ አትበል!» አለችው።  ተነሥታ ከጓሮ ሄደችና የበላችውን ሁሉ አስመለሰች። እህል ማየት አስጠላት። ዘመዶቿ ኀዘን ጎዳት ይላሉ። ማንም እውነቱን አልጠረጠረም፤ ይህም ራሱ እንደ ሌላ ጥፋት ተጨመረባት።

* * *

ፋሲካ አልፎ የአርባው ተዝካር ሁለት ቀን ሲቀረው ገርባ ብቻውን ፉሪ ወጣ። ኦቦ ኢቲቻ ማሳቸው ዳር ቀንበር ይጠግኑ ነበር።

«አካም ጂርታ፣ ኢልመ ኮ? ደህና ነህ፣ ልጄ? ምነው እንዲህ የከሳኸው?»

ገርባ ከአባቱ እግር ሥር ተቀመጠና ሁሉንም ነገራቸው። ደብዳቤውን ሲያገኝ ሱሉልታ ትዝ እንዳለው፤ ሚስቴን ሊነጥቁኝ ነው ብሎ እንደፈራ፤ ቢከፍተው መንገር ግድ ስለሚሆንበት ሳይከፍተው እንደያዘው፤ ዛሬ ነገ ሲል ቀኑ እንዳለፈበት ነገራቸው። ኦቦ ኢቲቻ ሲሰሙ ቆይተው ቀንበሩን መሬት አስቀመጡ።

«አቶ ወንዳፍራሽ ታመው ሳለ እኔን አስጠርተውኝ ነበር» አሉ። «በሠላሳ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። 'ልጅህ ሥጋ ሲጠብስ እጁ እንዴት ነው?' ብለው ጠየቁኝ። ልባቸው ተመልሶ ነበር፣ ልጄ።»

ገርባ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ታዲያ አሁን ምን ላድርግ፣ አባዬ? ብናገር እሷን አጣለሁ። ዝም ብል ያ ምስኪን ዓባይነህ...»

«እውነት ትቀጥናለች እንጂ አትበጠስም» አሉ ኦቦ ኢቲቻ። «ሌላ የማውቀው የለኝም።»

ገርባ ቁልቁለቱን ሲወርድ እግሩ ከበደው። ልቡ ግን ከፔናንግ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወዴት እንደሚሄድ ያውቅ ነበር።

* * *

በተዝካሩ ቀን ካህናቱ ጸሎቱን አድርሰው፣ ነዳያን በልተው፣ ሰዉ መበተን ሲጀምር ዳሱ ውስጥ የቅርብ ዘመድ ብቻ ቀረ። ዓባይነህ የውኃ ማሰሮ ሲያሳልፍ ትንሽ ፈሰሰበት።

«አሁንም አበላሸህ» አሉ ወይዘሮ ጥሩሰው። «አንተ የነካኸው ሁሉ...»

ውብአየሁ ተነሣች። አፏን ልትከፍት ስትል ገርባ ቀደማት። ከዳሱ ጥግ ወጥቶ ወደ መካከል መጣና ከዓባይነህ እግር ሥር ተንበረከከ። ከኮቱ ኪስ ፖስታውን አወጣ። ጠርዙ ተጎሳቁሏል፣ ላብ አወይቦታል፤ ማሸጊያው ግን እንደነበረ ነው።

«አድራሻው ልክ ነበር» አለ። «ደብዳቤህ ደርሷል። መጋቢት አንድ ቀን በእጄ ገብቷል። ያስቀረሁት እኔ ነኝ።»

 ዓባይነህ ፖስታውን አየ፤ የራሱን ጽሑፍ አየ። ከዚያ የገርባን ኮሌታ በሁለት እጁ ጨምድዶ ከመሬት አነሣው።

«ሰው ነህ አንተ? ይህን ሁሉ ቀን እዚህ ተቀምጠህ ስታየኝ ነበር! ስቃጠል እያየኸኝ!»

«አዎ» አለ ገርባ። እጁን እንኳ አላነሣም። «የፈለግኸውን አድርገኝ። እሷ ግን ምንም አታውቅም። ምንም የሠራችው የለም።»

«ልቀቀው፣ ዓባይ!» አለች ውብአየሁ።

ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ።

«አውቅ ነበር። ኮቱን ስሰቅል አይቼዋለሁ፤ የአንተን ጽሑፍ አይቼ መልሼ ከተትሁት። አልደረሰኝም ስልህ ዋሽቼህ ነው።»

የዓባይነህ እጅ ላላ። ገርባ ግን ከዱላ በላይ የመታው ይህ ነበር። ቀስ ብሎ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ከፔናንግ ጀምሮ?»

«ከዚያው ቀን ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም? አንዲት ቃል ብትናገሪኝ እሰጥሽ ነበርኮ! እየጠበቅሁሽ ነበር፣ ውብዬ! በየቀኑ እንድትጠይቂኝ እየጠበቅሁ ነበር!»

«ደስ ብሎኝ ነበር» አለች።

ዳሱ ውስጥ አንዲት ሴት «እሰይ!» አለች በምሬት። ውብአየሁ አልሰማቻትም።

«በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ድግሴ ነበር። ሰበታን፣ ሱሉልታን፣ የአባባን ቃል ሁሉ ረስቼ ነበር። ፖስታው ከተከፈተ ድግሱ ያልቃል። አንተ ፈርተህ ነው የደበቅኸው። እኔ ግን እንዳይቀርብኝ ብዬ ነው። እየበላሁ ነበር፣ ገርባ። አባቴ ሲሞት እኔ እየበላሁ ነበር!»

ባለችበት መሬት ላይ ቁጭ አለች። ያነሣት ሰው አልነበረም፤ ዓባይነህም፣ ገርባም፣ እናቷም ከቆሙበት አልተንቀሳቀሱም። 

ቀድመው የተናገሩት ወይዘሮ ጥሩሰው ናቸው።

«ይከፈት» አሉ። «አባትሽ ያለውን እንስማ። አሁን አንብቢ።»

ማሸጊያውን ስትቀድ ድምፁ ጆሮዋ ውስጥ ጮኸ። አነበበች፦

«ይድረስ ለውድ እህቴ ለወይዘሮ ውብአየሁ ወንዳፍራሽ። ከአገር ከወጣሽ ጀምሮ እንደምን ሰንብተሻል? እናታችን ደህና ናት። አባባን ግን ከጥምቀት ወዲህ እህል አልወርድ ብሏቸዋል፤ ሐኪም በሽታው የጨጓራ ነው፣ ጊዜ የለም ብሏል። አንድ ነገር ልንገርሽ። ለእማማ የምትልኪውን ደብዳቤ የሚያስነብቡኝ እሳቸው ናቸው። መብላት ቢያቅታቸው የአንቺን መብላት ይሰማሉ። 'እስቲ ያንን ማንጎውን ድገምልኝ' ይሉኛል። ሳነብላቸው አፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ከዚህ በታች ያለው የእሳቸው ቃል ነው።

'ልጄ ውብአየሁ፣ ቀብሬ ላይ እንዳትቆሚ ያልሁሽን ቃል አንሥቻለሁ። የተናገርሁት በንዴት ነው፤ ከአፌ በወጣ በማግሥቱ ተጸጽቼበታለሁ፣ ግን አባት ሆኜ መመለሱ ከበደኝ። ነይና ልይሽ። ያንንም ልጅ ይዘሽው ነይ፤ መራቂ ሽማግሌ አጥታችሁ መጋባታችሁ ይቆጨኛል። ብትደርሺ እሰየው። ባትደርሺም መንገዱ ሩቅ ነው፤ አልቀየምሽም። በርቺ፣ ብዪ፣ ጠግበሽ ኑሪ።'»

የመጨረሻዋን ቃል እንዴት እንደጨረሰቻት አታስታውስም። የረገሟት አባት ቢሆኑ ትችለው ነበር። ይህን ግን በየት በኩል ትሸከመው? የተነሣላትን ቃል በራሷ እጅ መልሳ በራሷ ላይ ጥላዋለች፤ ቀብራቸው ላይ አልቆመችም።

ሴቶቹ ሙሾ ሊያወርዱ ሲሉ ወይዘሮ ጥሩሰው እጃቸውን አንሥተው አስቆሟቸው። ተነሥተው ወደ ዓባይነህ ሄዱ። ትልቁን ሰው እንደ ሕፃን አንገቱን አቅፈው ጉንጩን ሳሙት።

«ይህን ሁሉ ቀን በነገር ወጋሁህ፣ ልጄ። እኔንስ ማን ይቅር ይለኛል?»

ዓባይነህ እናቱ ትከሻ ላይ ፊቱን ቀብሮ ጮኾ አለቀሰ። አባቱ ከሞቱ ወዲህ ማልቀስ የሚገባው ሰው መሆኑን ያመነው ገና አሁን ነበር።

ገርባ በዝግታ ወደ ወይዘሮዋ ቀረበ።

«እሜቴ፣ እኔን ያባርሩኝ። እሷን ግን...»

«እሜቴ አትበለኝ» አሉት። ዓይናቸው ደርቋል። «እሱ ይዘሽው ነይ ብሏል፤ የሱን ቃል አላፈርስም። ከዚህ ቤት አትባረርም። የእኔ ይቅርታ ግን ከአፍ የሚወጣ አይደለም፤ ገና አልመጣልኝም። ሲመጣ እነግራችኋለሁ። ዛሬ ሂዱልኝ። እሑድ ተመለሱ። በሚቀጥለውም እሑድ። እያያችሁኝ ልመዳችሁ።»

ገርባ ስድብ ጠብቆ ነበር፤ ዱላም ጠብቆ ነበር። በሩ ክፍት ሆኖ ሲቀርለት ግን ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

* * *

ከሰበታ ወደ ፉሪ በሚወስደው መንገድ በእግራቸው ሄዱ። እሱ በመንገዱ በስተግራ፣ እሷ በስተቀኝ፤ የጅማ መኪኖች በመካከላቸው አቧራ እያስነሡ ያልፋሉ። ዓለም ገናን አልፈው ዳገቱን ጀመሩ።

«ውብዬ» አለ ገርባ በመጨረሻ፣ ከመንገዱ ማዶ። «የኔ ጥፋት ነው የሚብሰው ወይስ ያንቺ?»

ቆመች። 

«አንለየው» አለችው። «የማን እንደሚብስ የለየን ቀን እኛም እንለያያለን።»

«ትጠይኛለሽ?»

«አንዳንድ ጊዜ። አንተስ?»

 ገርባ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ይህን ያህል እውነት ተነጋግረው አያውቁም ነበር፤ በዚያ ሁሉ ድግስ፣ በዚያ ሁሉ ሳቅ መካከል እንኳ።

አንድ የጭነት መኪና እስኪያልፍ ጠበቀችና መንገዱን ተሻግራ ወደ እሱ ሄደች። እጇን ዘረጋችለት። ያዛት። የባንኮክ እጅ አልነበረም፤ ያ ሞቃት፣ ስጎ የነካው፣ የሚያስቅ እጅ የለም። ይህኛው ቀዝቃዛ ነበር። ከሚወዱት ሰው ጋር አንድ ሸክም በሁለት ጫፍ እንደያዙ ሰዎች፣ አንዱ ከለቀቀ ሁለቱም እንደሚወድቁ እያወቁ ዳገቱን ያዙት። ውብአየሁ ከዚያ በፊት ፍቅር የምትለው ነገር ሁሉ ቀላል እንደነበር ታወቃት፤ ይህ ግን ከብዷታል፤ ቢከብዳትም አልለቀቀችውም።